አሮጌ ዴስክቶፕ ስክሪን አልሰጥ ሲል፦ ስለ ግራፊክስ ካርድና ሞኒተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠረጴዛዬ ላይ በብዛት የሚቀመጠው ማሽን አንድ ዓይነት ነው፦ ከውጭ አገር ቢሮ ወጥቶ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኮምፓክ፣ ፕሮሰሰሩ 3ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ አንዳንዴም ከዚያ የቆየ። ባለቤቱ ቪዲዮ ሊያቀናብርበት ወይም ልጁ ጌም ሊጫወትበት ግራፊክስ ካርድ ይገዛለታል፤ ከሳምንት በኋላ «ስክሪን እምቢ አለ» ተብሎ ታቅፎ ይመጣል። ካርዱ በእርግጥ ሞቶ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኬብል፣ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ)፣ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ወይም ድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች አንድ አካሄድ አላቸው፤ ገንዘብ የማያስወጣው ይቀድማል፣ በአንድ ጊዜ የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ነው።

ማሽኑ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ይላል። ካርዱ ተቃጥሎ ነው?

ከመደንገጣችሁ በፊት የሳጥኑን ጀርባ እዩ (ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» እያልን የምንጠራውን ሳጥን ማለቴ ነው)። የሞኒተር ኬብል የሚሰካበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ከእነሱ ራቅ ብሎ ካርዱ ላይ ያለው። ካርድ ሲጨመርባቸው ብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች የማዘርቦርዱን መውጫ ራሳቸው ይዘጉታል። ኬብሉ የድሮ ቦታው ላይ ከቀረ ማሽኑ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ይጨልማል። ይህችን ብቻ አስተካክዬ የሸኘኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ገንዘብ መቀበሉም ያሳፍራል።

ኬብሉ ትክክለኛው ቦታ ላይ ካለ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ውስጡ የቀረውን ኃይል ጨርሱ፣ የኬዙን ብረት ንኩ፣ ከዚያ ካርዱን አውጡት። ካርዱ የተሰካበት ረጅም ቀዳዳ (ስሎቱ) ጫፍ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ እሷን ሳትለቁ ብትስቡ ስሎቱን ትሰብሩታላችሁ። አሁን ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ አብሩ። ምስል ከመጣ ሞኒተሩ፣ ራሙና ማዘርቦርዱ ከጥርጣሬ ወጡ፤ የሚቀሩት ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ ናቸው። ምስል ካልመጣ ደግሞ ካርዱን ተዉት፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ሙከራ የሚያዋጣው ማሽኑ የራሱ ግራፊክስ ሲኖረው ብቻ መሆኑን አትርሱ። ኮር አይ 5-3470 አለው። ዚዮን ኢ3-1220 የለውም፤ በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ የወጡት፣ ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቀው ኢንቴሎችም የላቸውም።

ያለ ካርድም ከጨለመ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ራም ነው። ራሙን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ እያላችሁ ፈግፍጉት፣ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሱት። ሁለት ራም ካለ በየተራ አንድ አንዱን ሞክሩ። አንድ ጊዜ ከአዳማ ድረስ ማሽን ተሸክሞ የመጣ ሰው ላጲሱን ከኪሴ ሳወጣ ሲያይ፣ «ወንድሜ፣ ለዚህ ነው እንዴ በአውቶቡስ አቅፌው የመጣሁት?» ብሎኛል። የካርዱም ጥርስ በዚሁ መንገድ ይጸዳል።

ሰዓትና ቀን እየጠፋበት ያስቸግር የነበረ ማሽን ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት 2032 ባትሪ ለውጡ። እሷን አውጥቶ ትንሽ ቆይቶ መመለስ የተበላሸ የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ማስተካከያን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፤ በዚህ ብቻ ስክሪናቸው የተመለሰ ማሽኖች አጋጥመውኛል።

ሲበራ ጢጥ ጢጥ ይላል። ምን ማለቱ ነው?

እየነገራችሁ ነው፣ ቁጠሩለት። ኦፕቲፕሌክስ 7010 እና ዘመዶቹ ላይ 2 ጢጥታ «ራም አላገኘሁም»፣ 4 «ራሙ ችግር አለበት»፣ 5 «ባትሪዬ ደከመ»፣ 6 «የግራፊክስ ችግር» ማለት ነው። በዚያ ዘመን ኤችፒዎች ላይ ቀይ መብራቱ አብሮ ብልጭ ይላል፤ 5 ከሆነ ራም፣ 6 ከሆነ ግራፊክስ። በየሰፈሩ ተገጣጥመው በተሸጡት ማሽኖች ውስጥ የአዋርድ ባዮስ ካለ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ፣ የኤኤምአይ ባዮስ ካለ ደግሞ 8 አጭር ድምፅ ግራፊክሱን ይጠቁማል። ግራፊክስ ተብሎ ቢከሰስም መጀመሪያ ካርዱን ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ በደንብ መልሶ መሰካት ነው፤ ማሽን በታክሲና በአውቶቡስ ሲጓዝ ካርዱ ከስሎቱ ትንሽ ከፍ ይላል።

የገዛሁት ካርድ ጓደኛዬ ቤት ይሠራል፣ የኔ ማሽን ላይ ግን ምንም አያሳይም። ለምን?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፤ ብር የሚፈሰው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ጉልበት ነው። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት በስታንዳርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ አንዳንድ ትንንሽ ኬዝ ያላቸው የቢሮ ማሽኖች ላይ አምራቹ የሚፈቅደው ከዚያም ያነሰ ነው። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትንሹ ኬዝ ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ነው፣ የትልቁ 275። ለካርድ ተብሎ የተዘጋጀ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ገመድም የላቸውም። ስለዚህ ጂቲ 1030 (30 ዋት) ያለ ጭንቀት ይቀመጣል፣ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ (60 ዋት) እና ከስሎቱ ብቻ የሚበላው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ (75 ዋት) ትልቁ ኬዝ ላይ ይሄዳሉ። ራዲዮን አርኤክስ 580 ግን ለብቻው 185 ዋት ገደማ የሚፈልግ ባለ 8 ቀዳዳ ካርድ ነው፤ «ከሃርድ ዲስክ ገመድ በመቀየሪያ እንሰርቅለታለን» የሚሏችሁን አትስሙ። ያ ገመድ ሲቀልጥ ይሸታል፣ ሽታውም ከቤት ቶሎ አይወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት የዕድሜ ልዩነት ነው። አሮጌ ማሽን ሲነሣ ካርዱን የሚያነጋግርበት መንገድ አንድ ነው፣ አዲስ ማሽን ሌላ። በኮር 2 ዱዎ ዘመን ማሽን ላይ አዲስ ካርድ ሲሰካ ማዘርቦርዱ ካርዱን ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። በተቃራኒው፣ ዩኢኤፍአይን (አዲሱን የማሽን አነሣስ) የማያውቅ አሮጌ ካርድ «ሲኪዩር ቡት» (ሲነሣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ቁልፍ) በበራበት ወይም የድሮው አነሣስ በተዘጋበት ማሽን ላይ ጨለማ ይሰጣል። መፍትሔው ካርዱን አውጥቶ በማዘርቦርዱ ስክሪን ባዮስ ውስጥ መግባት (ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10)፣ ሲኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ የድሮውን አነሣስ የሚፈቅደውን ማብራት ነው። ካለ ደግሞ የባዮሱን የመጨረሻ እድሳት ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ፤ በእድሳቱ መሀል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አትሞክሩት።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ናት። 7010 ላይ ሁለት ረጃጅም ስሎቶች አሉ፤ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሙሉ አቅሙ የሚሠራ ሲሆን ሌላው ውስጡ ሩብ ብቻ ነው። ሰማያዊው ላይ ሰኩ። ትንሹ ኬዝ ካላችሁም ቁመቱ አጭር የሆነውን፣ «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን ካርድ ግዙ፤ አለዚያ ኬዙ አይዘጋም።

ማሽኑን ዘመድ ከአሜሪካ ነው የላከልኝ። በቀጥታ ልሰካው?

አትሰኩት። መጀመሪያ የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ እዩ። ብዙዎቹ 100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይቀበላሉ፤ ይህም ተለጣፊው ላይ ተጽፏል። በዕድሜ የገፉት ግን 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ 115 ላይ ነበረ፤ እኛ ጋ በ220 ሲሰካ «ጧ!» ብሎ ጭስ ይወጣዋል፣ አንዳንዴም ካርዱንና ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል። በትንሽ ዊንዲቨር ወደ 230 ግፉትና ከዚያ ሰኩ።

ሞኒተሬ ያለው ቪጂኤ ብቻ ነው፣ ካርዱ ደግሞ ኤችዲኤምአይና ዲቪአይ። ምን ዓይነት መቀየሪያ ልግዛ?

ዲቪአይ ሁለት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋዋን ቀዳዳ ልብ ብላችሁ እዩአት፤ ዙሪያዋን አራት ትንንሽ ቀዳዳ ካለ የድሮውን አናሎግ ምልክት ስለሚያወጣ ርካሹ መቀየሪያ ይሠራል። አራቱ ቀዳዳዎች ከሌሉ ያ ርካሽ መቀየሪያ አይገባም፤ እግሩን ቆርጣችሁ ብታስገቡትም ምስል አይመጣም፣ የቆረጡ ሰዎች አይቻለሁና። ከኤንቪዲያ የጂቲኤክስ 10 ሲሪስ ጀምሮ ደግሞ አናሎግ መውጫ ቀርቷል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ውስጡ ቺፕ ያለው፣ ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚተረጉም መቀየሪያ ነው። ዋጋው ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንዳንዱም የራሱ የዩኤስቢ ኃይል ይፈልጋል። አቅጣጫውንም አረጋግጡ፤ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ሌላ ዕቃ ነው፣ ተገልብጦ አይሠራም።

ስክሪኑ በሙሉ ቢጫ ሆነ። አንዳንዴ ሮዝ ይሆናል።

የቪጂኤ ኬብል ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየራሳቸው እግር ይመጣሉ፤ ሰማያዊው ሲቋረጥ ነጩ ቢጫ ይሆናል፣ አረንጓዴው ሲቋረጥ ሮዝ፣ ቀዩ ሲቋረጥ ውሃ ሰማያዊ።

አንድ ሰርግ የሚቀርጽ ደንበኛ ስክሪኑ ቢጫ ሆኖበት በሰው ምክር ሁለተኛ ካርድ ገዝቶ ነበር፤ በአዲሱም ያው ቢጫ። የኬብሉን ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት፤ ከላይኛው ረድፍ ሦስተኛዋ እግር ወደ ጎን ተኝታለች። በልብስ መርፌ ቀና አድርጌ መለስኳት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነጩን ስክሪን ሲያይ ቆየ፤ ሁለተኛው ካርድ አሁንም በካርቶኑ እንዳለ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ቪጂኤ 15 ቀዳዳ ቢኖረውም ብዙ ኬብሎች 9ኛዋን እግር ከፋብሪካው ጀምሮ የላቸውም፤ እሷን አጥታችሁ «ተሰበረ» ብላችሁ ኬብሉን አትጣሉ።

መስመር መስመር ይላል፣ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይረጭበታል። ሞኒተሩ ነው ወይስ ካርዱ?

ያለ መሣሪያ መለየት ይቻላል። የሞኒተሩን የራሱን «ሜኑ» ቁልፍ ተጫኑ። ያ ሜኑ የሚሳለው በሞኒተሩ ነው እንጂ በኮምፒውተሩ አይደለም። መስመሩ ሜኑውንም የሚያቋርጠው ከሆነ ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው። ሜኑው ጥርት ብሎ ከኋላው ብቻ ከተበላሸ ወደ ኬብሉና ወደ ካርዱ እንሄዳለን።

ቀጥሎ «ፕሪንት ስክሪን» ተጭናችሁ ምስሉን አስቀምጡ፣ ወደ ስልካችሁ ልካችሁ ክፈቱት። የተረጨው ነገር ስልኩ ላይም ከታየ ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ነው። ስልኩ ላይ ንጹሕ ከሆነ ኬብሉን ለውጡ። በመጨረሻም ገና ሲበራ፣ የአምራቹ ምልክት በሚታይበት ሰዓት እዩት። ዊንዶውስ ሳይነሣ ጀምሮ ከተበላሸ ድራይቨር ሊሆን አይችልም፤ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ዋናው ቺፕ ተጎድቷል ማለት ነው፣ ተስፋውም አነስተኛ ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ግን ዊንዶውስ ሲገባ ድምፁ ይሰማኛል።

ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ በአግድሞሽ አብሩበት። ዴስክቶፑ ደብዘዝ ብሎ ከታያችሁ ምስሉ አለ፤ የጠፋው የሞኒተሩ የኋላ መብራት ነው። እሱ የሞኒተር ጥገና ነው፣ በአሮጌዎቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችን በመቀየር ይድናል። ሞኒተርን ግን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚይዘው ቮልቴጅ አደገኛ ነው።

በመብራቱ ምንም ካልታየ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ጋር አንድ ላይ ተጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ ደግሞ ምስሉ ወደሌለ ሁለተኛ ስክሪን ሄዶ ከሆነ ይመልሰዋል።

ምስሉ ይመጣል፣ ግን ሁሉም ነገር ትልልቅ ሆኖ ይታያል፣ ሬዞሉሽኑም አይቀየርም።

ድራይቨር የለም። ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ቦታ) ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ችግር የሚፈጥረው የካርዱ ዕድሜ ነው፤ የቅርቡ ድራይቨር አሮጌውን ካርድ አያውቀውም። የኤንቪዲያ 400 እና 500 ሲሪስ የመጨረሻ ድራይቨራቸው 391.35 ነው። አብዛኛው 600 እና 700 ሲሪስ በ470 ዎቹ ቁጥር ላይ ያበቃል። ጂቲ 730 ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ቺፕ ተሸጦበታል፣ ሜሞሪው ባለ 128 ቢት ዲዲአር 3 የሆነው የአሮጌው ትውልድ ስለሆነ የሚፈልገው 391.35ን ነው። የኤኤምዲ ኤችዲ 7000፣ አር 7 እና አር 9 ካርዶችም በፈረንጆቹ ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ከመደበኛው ድራይቨር ወጥተዋል።

«ድራይቨር በነጻ እናድሳለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች አትጫኑ፤ ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። የድሮው ድራይቨር ቅሪት እያስቸገረ ከሆነ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም ጠርጋችሁ እንደገና ጫኑ። ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም፤ አገራችን ውስጥ ግን ራስ ምታትም ቢሆን በፎርማት ይታከማል።

ዲቫይስ ማኔጀር «ኮድ 43» ይለኛል። ካርዱን የገዛሁት በቅርቡ ነው።

ድራይቨሩን በዲዲዩ ጠርጋችሁ ከጫናችሁ በኋላም ከተመለሰ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ የተጎዳ ቺፕ ነው። ሌላው የውሸት ካርድ ነው፤ አሮጌ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ ተቀይሮ «1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ» ተብሎ ይሸጣል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ብዙዎቹን አውቆ «ፌክ» ብሎ ስማቸው ፊት ይጽፋል። ሱቅ ቆማችሁም የምታዩት ምልክት አለ፦ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ጀርባው ላይ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ዕቃውን መልሱና ውጡ።

ራዲዮን 570 እና 580 ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ ማምረት (ማይኒንግ) መስከረም 2022 ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲያበቃ ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ። አንዳንዶቹ ባዮሳቸው ለማይኒንግ እንደተቀየረ ነው፤ ጌም ሲከፈት የሚጨልሙት ለዚህ ነው። ትክክለኛው ባዮስ ሲመለስላቸው የሚድኑ አሉ።

ጌም ወይም ቪዲዮ ስከፍት ብቻ ይጠፋል።

ሙቀት ወይም ጉልበት ነው። ሙቀቱን በጂፒዩ-ዚ ተከታተሉ፤ በሥራ ላይ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ደህና ነው፣ ከ90 ካለፈ ክፈቱት። የኛ ቤት አቧራ ብቻውን አይደለም፤ የዕጣንና የቡና ጭስ ይቀላቀልበትና የፋኑ ክንፍ ላይ እንደ ስሜንቶ ይጋገራል። ፋኑን በጣት ይዛችሁ በብሎወር ንፉ፤ ሳትይዙ ብትነፉ ከመጠን በላይ ዞሮ ይበላሻል። ዓመታት ያስቆጠረ ካርድ ከሆነ በቺፑና በማቀዝቀዣው መሀል ያለውን፣ ደርቆ ኖራ የመሰለውን ቴርማል ፔስት ጠርጋችሁ ለውጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ኬዙን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ድንገት ድርግም የሚል ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ተበድራችሁ በሌላ ሞክሩ።

ካርዱን ምድጃ ውስጥ ማስገባት ያድነዋል የሚባለው እውነት ነው?

ለጥቂት ቀን ሊነሣ ይችላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞታል። ምግብ የምታበስሉበት ምድጃ ከሆነ ደግሞ በፍጹም።

መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው የጠፋው።

ሶኬቱን ነቅላችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ልቀቁ፣ መልሳችሁ ሰኩ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ራሱን ቆልፎ ነው የሚጠብቃችሁ። ለወደፊቱ መብራት እንደሄደ ማከፋፈያውን አጥፉ፤ የሚጎዳው መሄዱ ሳይሆን እየተንቀጠቀጠ ሲመለስ ነው። ለፍሪጅ የተገዛ ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ ድንገተኛ መቋረጥን ግን አይሸፍንም፤ እሱ የዩፒኤስ ሥራ ነው።

ካርዱ በእርግጥ ሞቷል። ለዚህ አሮጌ ማሽን ምን ልግዛ?

ለቢሮ ሥራና ለፊልም ከሆነ ምንም አትግዙ፤ የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ይበቃል። ለሁለት ስክሪንና ለቀላል ጌም ጂቲ 1030 ጥሩ ነው፣ ግን ካርቶኑ ላይ የሜሞሪው ዓይነት ጂዲዲአር 5 የሚል መሆኑን እዩ። ዲዲአር 4 የሆነውም በዚያው ስም ይሸጣል፣ የሜሞሪው ፍጥነት ግን ሲሶ ገደማ ነው። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ደግሞ 1030ን እለፉት፤ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ የሚያግዘው የኤንቪዲያ ክፍል በእሱ ውስጥ የለም። 750 ቲአይም፣ 1050 ቲአይም አላቸው።

ከዚያ በላይ ለማውጣት ካሰባችሁ ግን የማሽኑን ዕድሜ አስቡበት። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 3ኛ ጀነሬሽንን በይፋ አይቀበልም። እኔ ብሆን ውድ ካርድ ከምጨምርበት፣ በዚያው ብር ላይ ትንሽ አክዬ 8ኛ ጀነሬሽን ያገለገለ ማሽን እፈልጋለሁ፤ አሮጌውን ሊኑክስ ጭኜ ለልጆቹ የትምህርት ሥራ እተወዋለሁ።